ገብሱ እስኪታጨድ

ወንበር ማለት ሰው እንዲቀመጥበት የተሠራ፣ ራሱ ግን ዘወትር የሚቆም ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት እግር አለው፤ አንዲት እርምጃ እንኳ ተራምዶ አያውቅም። ጆሮ የለውም፤ ሆኖም ብዙ አቤቱታ በፊቱ ይሰማል። መደገፊያ የተሠራለት የተቀመጠው ሰው ከኋላው ያለውን እንዲረሳ ነው። ወንበር የሚቀመጥበትን ሰው ማንነት አይጠይቅም፤ ክብደቱን ብቻ ይቀበላል።

የጥንት ሕዝቦች ብዙ ነገር ፈልስፈዋል። አንዱ ጽሕፈትን፣ አንዱ መስኖን፣ አንዱ የዘመን አቆጣጠርን፣ ሌላው ከፍ ያለ ቅጥርን። አንዱ የሌላውን ፈጠራ ሲያይ አንዳንዴ ይወርሳል፣ አንዳንዴም ይንቃል። ወንበርን የናቀ ሕዝብ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ይህን ካስቀደምን ወደ ነገሩ እንግባ።

በአንድ ወቅት፣ ነገሥታት ከጠላት ጦር ይልቅ ከሰማይ የሚመጣውን በሚፈሩበት ዘመን፣ በሁለት ወንዞች መካከል አርሻቡ የምትባል ከተማ ነበረች። ድንጋይም ረጅም እንጨትም ስላልነበራት ቅጥሯም፣ ቤተ መቅደሷም፣ ሕጓ የተጻፈበት ሰሌዳም ጭቃ ነበር። በዚህች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። ፀሐይ በቀን ከጨለመች ንጉሡ ይሞታል ተብሎ ይታመናል። የአርሻቡ ሊቃውንት የሰማይን ፍርድ መሻር እንደማይቻል ያውቁ ነበር፤ ማታለል ግን ይቻላል የሚል ሐሳብ ላይ ደረሱ። ስለዚህ ፀሐይ ስትጨልም ንጉሡ ከወንበሩ ይወርድና ሌላ ሰው፣ ቢጠፋ ማንም የማይፈልገው ሰው፣ በቦታው ይቀመጣል። ዘውዱን ይደፋል፣ የንጉሡን ምግብ ይበላል፣ በንጉሡ አልጋ ይተኛል። ገብስ ሲታጨድ ጽዋ ይሰጠዋል። ጠጥቶ ይሞታል፤ በንጉሥ ወግም ይቀበራል። ሰማይ የፈረደው ተፈጸመ ማለት ነው፤ ንጉሥ ሞቷልና። እውነተኛው ንጉሥም ተመልሶ ይቀመጣል።

ማታለል የሚሠራው ግን ሙሉ ሲሆን ነው። በእነዚያ ወራት እውነተኛው ንጉሥ ከከተማው ውጭ በአንድ እርሻ ይኖራል፤ ስሙም «ገበሬው» ነው። ሰማይ ሰምቶ እንዳያገኘው ማንም ንጉሥ ብሎ አይጠራውም፤ እሱም ራሱን ንጉሥ አይልም። አንቱ ማለትም ክልክል ነው። ገበሬ አንቱ አይባልም። ዕድሜውን ሙሉ ጌታውን አንቱ ሲል የኖረ አንድ ሽማግሌ ሹም፣ «አንተ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ ስላለው፣ በዚያ ወራት ገበሬውን በዓይኑ ብቻ ያናግረው ነበር።

በአንጻሩ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቃል፣ ማኅተም ካረፈበት፣ ሕግ ነው። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሊቃውንት ተቀማጩ ስለ ምሳው እንጂ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል ብለው አላሰቡም። እስከዚያ ዘመን ድረስም አልተሳሳቱም።

በአርሻቡ ሊብሉጥ የሚባል ጡብ ሠሪ ነበር። ስሙ በአገሩ ቋንቋ «በሕይወት ይኑር» ማለት ነው። ሥራው የንጉሡ ስም የተቀረጸበትን ማኅተም በእርጥብ ጡብ ላይ መምታት ነበር። ማንበብ አይችልም። አንድ ቀን ማኅተሙን ገልብጦ ያዘው፤ እንደ ገለበጠውም ወራት አለፉ። ጡቡ ደረቀ፣ ተደረደረ፣ የምሥራቁ ቅጥር ቆመ። ንጉሡ ሊመርቅ ሲመጣ ስሙን ከዳር እስከ ዳር በጭንቅላቱ ቆሞ አገኘው።

ሊብሉጥ ቀርቦ ሲጠየቅ፣ «ጌቶቼ፣ ለእኔ ላዩም ታቹም አንድ ነው የሚመስለኝ» አለ። ዳኞቹ ይህን እንደ እምነት ክህደት ቆጥረው ሞት ፈረዱበት።

ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ፀሐይ ጨለመች። ሊቃውንቱ ቢጠፋ የማይፈለግ ሰው ፍለጋ ወደ እስር ቤት ወረዱ።

«ልጆች አሉህ?» አሉት ሊብሉጥን።

«ሦስት።»

«ይፈልጉሃል?»

ሊብሉጥ ትንሽ አሰበ። «እንጃ» አለ።

«እንግዲያው ትሆናለህ» አሉት፤ አጥበው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ታላቁ ልጁ ኡባር ነው። አባቱ ጡብ እየሠራ አስተምሮት ከቤተ መቅደሱ ሰማይ ተመልካቾች አንዱ ሆኗል። ከተማረ ወዲህ ግን አባቱ ቤት አይሄድም ነበር፤ ጭቃው ልብስ ያበላሻል። መካከለኛው ኢፒቅ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነው። አባቱ ጡብ ጭኖ በበሩ ሲያልፍ እንደማያውቀው ሰው «እለፍ» ይለው ነበር። ትንሿ ታራም ከአባቷ ጋር ጭቃ ትረግጣለች። ከጥዋት እስከ ማታ ሲሰዳደቡ ይውላሉ፤ ማታ ከአንድ ገበታ ይበላሉ።

ሦስቱም አባታቸውን ለማዳን ቆርጠው ተነሡ። ሰው አባቱን ከሞት የሚያድነው ስለሚወደው ብቻ አይደለም፤ የሰው አፍ ስለሚፈራም ነው። ከሦስቱ የትኛው በየትኛው ምክንያት እንደተነሣ የሚያውቅ የለም።

ገብሱ መቅላት ሲጀምር ኡባር በሊቃውንቱ ሸንጎ ፊት ቆመ።

«ሁለተኛ ጨለማ ይታየኛል» አለ።

«መቼ?»

«ከአጨዳው በኋላ። ይህን ሰው ዘንድሮ ከገደላችሁት ሁለተኛው ጨለማ ንጉሡን ከነዘውዱ ወንበሩ ላይ ያገኘዋል።»

በአርሻቡ ሕግ ስለ ሰማይ በሐሰት የመሰከረ ዓይኑ ይወጣል። ኡባር እጁን በአምላኩ ምስል ጉልበት ላይ አድርጎ ማለ። በሰማይ ያየው ነገር አልነበረም። አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የተማረ ጓደኛው ብድግ አለ።

«ኡባር፣ ወንድሜ፣ አብረን ነው ያየነው። እኔ ምንም አላየሁም» አለና እሱም ማለ።

ሁለት መሐላ ሆነ፤ አንዱ ሐሰት መሆኑ ግድ ነው። ሊቃውንቱ ተመካከሩ። ሁለተኛ ጨለማ አለ ብለው ቢያምኑና ባይኖር የሚያጡት የአንድ ጡብ ሠሪ ቀለብ ነው። የለም ብለው ቢያምኑና ቢኖር የሚያጡት ንጉሡን ነው። ስለዚህ ኡባር እውነተኛ ሆነ። የጓደኛው ዓይን ሲወጣ የሚይዘው ሰው ያስፈልግ ነበር። ኡባር ያዘው። የማያውቀው ሰው ከሚይዘው ይሻላል በሚል ነው፤ ሌላው ምክንያቱ አልተነገረም።

የሊብሉጥ መሞቻ ቀን እንዲህ ተራዘመ።

ሽማግሌው ሹም ግን አልተዋጠለትም። ጌታው በእርሻ ላይ ቴምር እየለቀመ ሲኖር ማየት ጨንቆታል። «ሁለተኛው ጨለማ ሲመጣ ሌላ ሰው እናስቀምጣለን» አለ በልቡ። «ቢጠፋ የማይፈለግ ሰው በአርሻቡ አይጠፋም።» ለማንም ሳይናገር ጽዋውን ቀምሞ ናባሽ ለሚባል ዘበኛ ሰጠውና ወደ ሊብሉጥ ላከው።

በአዳራሹ በር ላይ የቆመው ኢፒቅ ነበር። ናባሽና ኢፒቅ አብረው የዘመቱ ናቸው። ኢፒቅ በበረሃው ጦርነት ሲቆስል እስከ ወንዙ ድረስ በጀርባው ያዘለው ናባሽ ነው።

«ክፈት» አለ ናባሽ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«መጠጥ ነዋ። ታውቀው የለ?»

«የንጉሥ መጠጥ የሚያመጣ በበሩ ላይ ይቀምሳል። ሕግ ነው።»

ናባሽ ሳቀ። «ምን ነካህ አንተ? በእኔና በአንተ መካከል ሕግ የገባው መቼ ነው?»

«ቅመስ።»

ናባሽ መሳቁን ተወ። «ኢፒቅ፣ የልጄን ስም ያወጣህላት አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ጥሩ ስም ነው» አለ ኢፒቅና የጦሩን ጫፍ ጉሮሮው ላይ አሳረፈው። «ቅመስ።»

ናባሽ የጦሩን ጫፍ አየ፤ ጽዋውን አየ፤ ጽዋው ከጦሩ ይልቅ ቀርፋፋ ይሆናል ብሎ ይሆናል፣ ጠጣ። ቀርፋፋ አልነበረም።

ኢፒቅ ወዲያው ጮኸ፤ ንጉሡን ሊመርዙ ነበር አለ። በወንበሩ ላይ ያለው ሰው በሕግ ንጉሥ ነውና ወንጀሉ ከባድ ነበር። ወንጀለኛውን እንዲፈልግ የተሾመው በታማኝነቱ የታወቀው ሽማግሌው ሹም ነው። በጥንቃቄ መርምሮ አንድ ወጥ ሠሪ ሰቀለ። ምርመራውን ሳይፈጽም ቶሎ ቢያቆመው ሰው ይጠረጥረዋልና ሌሎች ወጥ ሠሪዎችንም መመርመሩን ቀጠለ።

እሱ በምርመራ እንደተጠመደ ታራም አባቷን ልታይ ገባች። ሊብሉጥ ዘውዱን ደፍቶ የበግ ጎድን ይዞ ተቀምጧል።

«ወፍረሃል» አለችው።

«ንጉሥ ነኝ።»

«አንድ ቀን ትሎቹ ስለ ስብህ ያመሰግኑሃል። ስማኝ አባዬ። አንድ ቃል ትናገራለህ። አንድ ብቻ፤ አታበላሸው።»

«ንጉሥን እንዲህ አያናግሩትም።»

«ጡብ ገልብጦ የሚመታ ሰውን እንዲህ ነው የሚያናግሩት» አለችና የሚለውን ነገረችው።

ሊብሉጥ ጎድኑን አስቀመጠ። «ገብሱስ?» አለ።

«ገብሱ ካልታጨደ አንተም አትታጨድም።»

በማግሥቱ ከወንበሩ ላይ አንድ አዋጅ ወጣ፦ በአርሻቡ ምድር ያለ ገበሬ ሁሉ፣ ያለ ልዩነት፣ ሥራውን ትቶ የሰሜኑን ቦይ ይጥረግ። ቦዩ በደለል ከተሞላ ዓመታት አልፈውታል። ሹማምንቱ ለጡብ ሠሪ መጥፎ ሐሳብ አይደለም ተባባሉና ማኅተሙ አረፈበት።

ታራም የቦዩን ሥራ አለቃና ጭፍሮቹን ይዛ ወደ ገበሬው እርሻ ሄደች። አሽከሮቹ በግቢው በር ላይ ቆመዋል።

«እዚህ ቤት ገበሬ አለ?» አለች።

አሽከሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። የለም ቢሉ፣ ከቴምሩ ሥር የተቀመጠው ሰው ታዲያ ማን ነው ይባላሉ። ማን እንደሆነ ቢናገሩ ሰማይ ይሰማል። አለ ቢሉ ቦይ ይወርዳል።

«አለ» አለ ከመካከላቸው አንዱ፤ ፊቱን አዞረ።

ንጉሡ ከቴምሩ ሥር ተነሣ። ልጅ ያልወለደ፣ እጁ ለስላሳ፣ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ሰው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም። ንገረኝ።»

ንጉሡ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመና የሚባል አልነበረበትም፤ ሁሉን ነገር የሚሰማ ይመስላል።

«ገበሬ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው አካፋህን ያዝ።»

በቦዩ ውስጥ እጁ ሲላጥ ዝም አለ። ሲገረፍም ዝም አለ። በመጨረሻ ግን ሰማይም ቢሰማ ይስማ ብሎ ንጉሥ መሆኑን ተናገረ። የሥራው አለቃ ጅራፉን እንኳ ዝቅ አላደረገም። «እዚህ የሚቆፍር ሁሉ ቀትር ላይ ንጉሥ ይሆናል» አለው። «ፀሐዩ ሲበርድ ይለቅሃል።»

በቦዩ ዳር የተቆለለው ደለል የወረደባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከንጉሡ ጋር ብዙ ገበሬዎች ተቀበሩ፤ እነዚያ በእርግጥም ገበሬዎች ነበሩ። የተረፉት ቦዩን ጠርገው እስኪመለሱ ገብሱ በማሳው ላይ እንደ ቆመ ወፍ በላው፣ የቀረውም ዝናብ መትቶት በሰበሰ። በዚያ ክረምት በአርሻቡ ገጠር ሕፃናት የሚያለቅሱበት ቤት ትንሽ ነበር። በመጀመሪያ ለማልቀስ አቅም አጡ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሕፃናቱ ራሳቸው አልነበሩም።

ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የሞተው ንጉሡ ነው ካሉ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰማይም አልተታለለም፤ ይህን ብልሃት የፈጠሩት ሰዎች ምን ዓይነት ሊቃውንት ናቸው የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሞተው ገበሬ ነው ካሉ ግን ንጉሡ ደኅና ነው፤ ይኸው ወንበሩ ላይ ጎድን እየጋጠ ነው። ብዙም ሳይከራከሩ የሞተው ገበሬ ነው አሉ።

ሽማግሌው ሹም ብቻ አለቀሰ።

«ምን ሆንክ?» አሉት።

«ስለ አንድ ገበሬ ነው» አለ። ከዚህ በፊት ለገበሬ አልቅሶ ስለማያውቅ በእርጅናው ልቡ መራራቱን አደነቁለት።

ሊብሉጥ እንዲህ ነገሠ። ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ስሙን በማኅተም ማስቀረጽ ነው። የማኅተሙ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን እንዲያሳዩት አዘዘ፤ አሳዩት፤ ያዘው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጡብ ሠሪ ያንን ማኅተም ገልብጦ መትቶ ተገኘ። ሊብሉጥ ሁለት እጁን አስቆረጠው።

«አባዬ» አለች ታራም፤ «አንተ ራስህ—»

«ንጉሥ ሆይ በዪ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ እርስዎ ራስዎ ገልብጠው አልነበረም እንዴ?»

«ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለማ» አለ ሊብሉጥ።

ሲያረጅ ሦስቱ ልጆቹ በእሱ ፊት ፈገግ ይሉ፣ ከእሱ ኋላ ጥርስ ያፋጩ ጀመር። ሊብሉጥም አንድ ቀን እጁን በወንበሩ ክንድ ላይ አድርጎ ማለ፦ «ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ውለታ የዋለ ልጄ በወንበሬ ይቀመጣል።» ማኅተም አረፈበት። ልጆቹ ቃላቸውን የሚሰጡበት ቀንም ተወሰነ፤ ሸንጎው ሞላ።

ኡባር ቀድሞ ቆመ። «ንጉሥ ሆይ፣ በዚያ ዓመት ገብሱ ሲቀላ እርስዎ ሬሳ ነበሩ። ቀኑን የገፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልምል ኖሮ እነዚህ ሁለቱ የሚያድኑት ሰው ሳይሆን የሚቀብሩት ሰው ነበር የሚኖራቸው። የማልሁት ደግሞ በዓይኔ ነው።»

«በጓደኛህ ዓይን» አለ ኢፒቅ። «ንጉሥ ሆይ፣ የእሱ ወሬ ጽዋውን አላቆመውም። ጽዋው መጣ። እኔ ባልኖር ኖሮ የኡባርን መሐላ ጠጥተው ይተኙ ነበር። ለእርስዎ ስል ነፍሴን ያተረፈ ሰው ገድያለሁ። ኡባር የገደለው ሰው የለም፤ ያን ያህል አልወደድዎትም።»

ታራም ስትነሣ ወንድሞቿ ገና ከመናገሯ ሳቁባት፤ ጭቃ ረጋጭ አሏት።

«አዎ ጭቃ ረጋጭ» አለች። «ጋሼ ኡባር መሞቻህን አራዘመ፤ ጋሼ ኢፒቅ አንድ ቀን አሳደረህ። የተራዘመ ሞት ሞት ነው። ሌላ ጽዋ ይመጣ ነበር፤ ጽዋ እንደሆነ በአርሻቡ ሞልቷል። ከሥሩ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሰው ጋር በዚያ ቦይ ስንት ሰው እንደገባ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ሰው በእኔ አንገት ላይ ነው። ወንበሩ ከዚያ ካነሰ አልፈልገውም።»

ሊብሉጥ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት በአዳራሹ መስኮት የሚገባው ብርሃን ቀጠነ። ወፎች ዝም አሉ። በአደባባዩ ላይ ውሻ አላዘነ። ፀሐይ ከዳሯ ጀምሮ እየጠቆረች ሄደች።

«ኡባር ያየው ሁለተኛው ጨለማ» አሉ ሊቃውንቱ በአድናቆት።

በሸንጎው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የደነገጠው ኡባር ነበር።

ብርሃኑ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያ ሽማግሌው ሹም ወደ ወንበሩ ጠጋ አለ። «ንጉሥ ሆይ፣ ወደ እስር ቤት ልውረድ? ቢጠፋ የማይፈለግ ሰው አናጣም።»

«እኔንም ስታስቀምጡኝ የማይፈለግ ብላችሁኝ ነበር» አለ ሊብሉጥ። «የማይፈለግ ሰው ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የአንድ ሰው ልብ የሚታወቀው በሠራው ነው። እኔ ደግሞ ምያለሁ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ውለታ የዋለልኝ በወንበሬ ይቀመጣል ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ዛሬውኑ ይቀመጣል። ገብሱ እስኪታጨድ።»

ሊቃውንቱ ወደ ሦስቱ ልጆች ዞሩ።

«አባዬ» አለ ኡባር፤ ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «እኔ ምን አደረግሁ? ያየሁትን ተናገርኩ። ይኸው መጣ፤ ሁላችሁም አያችሁት። እውነት መናገር ውለታ ነው እንዴ? ወንድሜ ኢፒቅ ግን የሚወደውን ሰው ገደለልህ። እንደሱ ያለ ልጅ የለም።»

«እኔ ዘበኛ ነኝ» አለ ኢፒቅ። «መጠጥ የሚያመጣ ይቀምሳል የሚለው ሕግ ነው፤ ማንም ቢቀመጥ ያንኑ ነበር የማደርገው። ለደሞዜ ነው የሠራሁት፤ ለአባቴ አይደለም። ታራም ናት ያዳነችህ አባዬ። ከሥሩ ቆረጥኩት ስትል አልሰማህም?»

«እኔ ተላላኪ ነኝ» አለች ታራም። «አዋጁ የማን ነው? ማኅተሙ የማን ነው? የእርስዎ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። እኔ እዚያ ሄጄ ገበሬ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ምን አደረግሁ? ሰውን ገበሬ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ መቼም ውለታ አይባልም። ጋሼ ኡባር ባያራዝም ኖሮ እኔ የምጠይቅበት ቀን አልነበረኝም። ሁሉ ነገር የእሱ ነው።»

ከአፍታ በፊት ሦስቱም ያዳኑት ሰው አሁን ያዳነው ያጣ መሰለ።

ሊብሉጥ በትዕግሥት ሰማቸው። ከልጆቹ የሚማር አባት ነበርና፣ ከመፍረዱ በፊት ሦስት ትእዛዝ ሰጠ። ከእንግዲህ ሦስተኛ ጨለማ ይታየኛል የሚል ሰማይ ተመልካች በዚያው ሰዓት ሁለት ዓይኑ ይውጣ፤ ያየውን ነገር በኋላ ያስረዳል። ጽዋው ሲመጣ በሩ ላይ ዘበኛ አይቁም። በወንበሩ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ ከመቀመጡ በፊት ምላሱ ይቆረጥ፤ ንጉሥ ለመሆን ዘውድና ጎድን ይበቃል። ልጆቹ በየፊናቸው የገቡባቸውን ሦስት በሮች እንዲህ አድርጎ ዘጋቸው።

ከዚያ ከወንበሩ ወረደ። ዘውዱን አውልቆ በተቀመጠበት ላይ አኖረው፤ የገበሬ ልብስ ለበሰ። ከቦይ የራቀ እርሻ አስመርጦ ነበር። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ ሦስቱን አያቸው፤ አሁንም አንዱ የሌላውን ውለታ እየዘረዘረ ነው። ዳኞቹ ማንን እንደሚያስቀምጡ ጠየቁት።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ» አለ። «እኔ ገበሬ ነኝ። ቃሉ ታትሟል፤ በቃሉ ፍረዱ።»

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። ኡባር ቀኑን ሰጠው፤ ያለ እሱ ቀን ሌሎቹ ምንም ባልሆኑ ነበር፤ ለዚህም በጓደኛው ዓይን ከፍሏል። ኢፒቅ ሞትን በሩ ላይ መለሰው፤ የመለሰውም ያዘለውን ሰው አስጠጥቶ ነው። ታራም ነገሩን ፈጸመችው፤ ለመፈጸም ግን አንድ አገር አስራበች። ወንበሩ እንደ ሽልማት ይገባዋል የምትሉትን ሰው ስም እና ወንበሩ እንደ ቅጣት ይገባዋል የምትሉትን ሰው ስም ለየብቻ ያዙና አንድ ሰው ሆኖ እንደሆነ ተመልከቱ። «አባትየው ራሱ ይገባዋል» የሚል አድማጭ አይጠፋም፤ እሱ ግን በዚያን ጊዜ ገበሬ ስለነበረ በጥያቄው ውስጥ አይገባም።

ለሊብሉጥ ከሁሉ የበለጠ ውለታ የዋለለት ማን ነው? ወንበሩስ የሚገባው ለማን ነው?

በዚያ ዓመት ዝናቡ መልካም ነበር፤ ገብሱም በጊዜው ታጨደ።